የደንበኛን ስሜት በመሣሪያ ማወቅ ይቻላልን?

ንግድ ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ሻጭና ገዢ በተገናኙ ቁጥር አንዱ የሌላውን ፊት ሳይመለከት ያለፈበት ጊዜ የለም። ሻጩ የገዢው ዓይን በየትኛው ዕቃ ላይ እንደ ቆየ ያስተውላል፤ ገዢውም ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ድምፁ መጽናቱንና መላላቱን ያዳምጣል። ይህንን የሚያውቁ ነጋዴዎች ደግሞ መከላከያውን አበጅተዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግመልና የከብት ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ምልክት ዋጋ የሚነጋገሩት፤ በአጠገባቸው የቆመ ሰው የዋጋውን ልክ እንዳያውቅባቸው ነው። በድርድር ጊዜ ፊትን ጸጥ አድርጎ መያዝም የንግድ ሙያ አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የሚያስተምረው፤ የሚሥቅ ሰው ሁሉ ደስ ያለው እንዳልሆነ ነው።

በአሁኑ ዘመን ግን ይህን ከባድ ሥራ ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት ይቻላል የሚሉ ኩባንያዎች ተነሥተዋል። የሚያቀርቡት ዕቃ ካሜራን፣ ማይክሮፎንንና ኮምፒውተርን ያጣመረ ሲሆን፤ ወደ መደብር የገባው ደንበኛ መደሰቱን፣ በስልክ የሚናገረው ሰው መቈጣቱን፣ ሥራ የሚጠይቀው ወጣት ታማኝ መሆኑን ለይቶ ያስታውቃል ይባላል። ነጋዴ ማናቸውንም ሸቀጥ ከመግዛቱ በፊት ናሙናውን እንደሚመረምር ሁሉ፤ ይህንንም ዕቃ በሳይንስ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ይገባዋል። ጉዳዩ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ሲሳሳት የሚጎዳው አንድ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ደንበኛ፤ ሌላ ጊዜም እንጀራውን የሚያጣ ሠራተኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፤ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የስሜት ምንነት

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር፤ ስሜት ምንድን ነው የሚለው ክርክር በሊቃውንት መካከል እስከ ዛሬ ያልተቋጨ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጥ ባሳተመው መጽሐፍ፤ የቁጣ፣ የፍርሃትና የደስታ ምልክቶች ከጥንት ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ የተፈጥሮ ውርሶች ናቸው የሚል አሳብ አቀረበ። ከ12 ዓመት በኋላ፤ በ1884፤ አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ነገሩን ገልብጦ ተመለከተው። በእርሱ አስተያየት ሰው የሚንቀጠቀጠው ስለ ፈራ አይደለም፤ ሲንቀጠቀጥና ልቡ ሲመታ ያንን የሰውነቱን መናወጥ ማወቁ ራሱ ፍርሃት ይባላል እንጂ። የዴንማርኩ ሐኪም ካርል ላንጌም በ1885 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አሳብ ጻፈ።

ይህ አስተያየት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። «ሆዱ ባባ»፣ «አንጀቱ ተንሰፈሰፈ»፣ «ልቡ ራደ»፣ «ፊቱ ጠቈረ» ሲባል ስሜት የሚነገረው በአካል ስም ነው። ዳሩ ግን አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ካነን በ1927 ባወጣው ጽሑፍ፤ በሰውነት ውስጥ የሚደረገው ለውጥ አንዱን ስሜት ከሌላው ለመለየት እንደማይበቃ አስረዳ። ልብ በፍርሃት ጊዜ ይመታል፤ በቁጣም ጊዜ ይመታል፤ ሰው ትኩሳት ሲይዘውም እንዲሁ ይመታል። ስለዚህ የልብን ምት የቈጠረ ሰው ምቱን እንጂ የምቱን ምክንያት አላወቀም ማለት ነው።

በ1962 ደግሞ ስታንሊ ሻክተርና ጀሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት አንድ የታወቀ ሙከራ አሳተሙ። ለተማሪዎች አዲስ የቪታሚን መድኃኒት ነው ብለው፤ ልብን የሚያስመታውንና እጅን የሚያንቀጠቅጠውን አድሬናሊን ወጓቸው። መድኃኒቱ በሰውነታቸው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለአንዳንዶቹ ነገሯቸው፤ ከሌሎቹ ግን ሸሸጉ። ከዚያም አንዳንዱን ተማሪ በደስታ ከሚጫወት ሰው ጋር፤ አንዳንዱንም ከሚቈጣ ሰው ጋር አስቀመጡት። ሊቃውንቱ ከዚህ ያወጡት ትምህርት፤ አንዱ የሰውነት መናወጥ ሰውየው እንደሚገኝበት ሁኔታ ደስታም ቁጣም ተብሎ ሊተረጐም ይችላል የሚል ነው። ሙከራውን በኋላ የደገሙት ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ውጤት በሙሉ ባያገኙም፤ የሰውነት ምልክት ብቻውን የስሜት ስም እንደማይሆን ካነን ያነሣው ጥያቄ ግን ጸንቶ ይገኛል።

ፊት የሚናገረውና የማይናገረው

የሰውነት ውስጣዊ ለውጥ የማይበቃ ከሆነ፤ ፊትስ ይበቃልን የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የፊትን ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፎቶግራፍ ያነሣቸውን ሰዎች አሳየ። ከእርሱም ሥራ የሚታወሰው ስለ ፈገግታ የተናገረው ነው። የአፍን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበውን ጡንቻ ሰው በፈቃዱ ያዝዘዋል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን ለትእዛዝ እንደዚያ በቀላሉ አይገዛም፤ ስለዚህ ከልብ የሆነ ፈገግታ በዓይን ይታወቃል አለ። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ብዙ ሰዎች ይህንንም ፈገግታ በፈቃዳቸው ሊያስመስሉት እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ፖል ኤክማን በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ኒው ጊኒ ደጋ አገር ሄዶ፤ ከውጭው ዓለም ጋር ብዙ ግንኙነት ያልነበራቸውን የፎሬ ሕዝቦች መረመረ። አጭር ታሪክ እየነገረ፤ ከቀረቡት ፎቶግራፎች ለታሪኩ የሚስማማውን ፊት እንዲመርጡ ጠየቃቸው። ከመልሳቸውም ተነሥቶ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ጥላቻ የተቀላቀለበት መጸየፍ፣ መደነቅ፣ ደስታና ኀዘን በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው አለ። በ1978 ከዋላስ ፍሪሰን ጋር ሆኖ የፊትን እንቅስቃሴ ሁሉ በቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት አወጣ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ የተመሠረቱት በዚህ በኤክማን ትምህርት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ብዙ ተቃውሞ ደርሶበታል። ተቃዋሚዎቹ፤ ጥቂት ፎቶግራፍ አቅርቦ ከእነዚህ ምረጥ ማለት መልሱን አስቀድሞ እንደ መጠቈም ይቈጠራል ይላሉ። በ2016 ካርሎስ ክሪቬሊና ጓደኞቻቸው በፓፑዋ ኒው ጊኒ በትሮብሪያንድ ደሴቶች የሚኖሩ ሰዎችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፤ ምዕራባውያን የፍርሃት ፊት የሚሉትን፤ ዓይን ፈጦና አፍ ተከፍቶ የሚታየውን መልክ፤ የደሴቶቹ ሰዎች የቁጣና የማስፈራራት ምልክት አድርገው ወስደውታል። በ2019 ደግሞ ሊሳ ፌልድማን ባሬት ከአራት ሌሎች ሊቃውንት ጋር ከ1,000 በላይ ጥናቶችን መርምረው አንድ ሰፊ መግለጫ አሳተሙ። በዚያ መሠረት ሰው በሚቈጣበት ጊዜ ፊቱን የሚያኮሳትረው ከ100 ጊዜ 30 ገደማ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ዝም ይላል፤ ያለቅሳል፤ ወይም ይሥቃል። እንደዚሁም ሳይቈጣ ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው ብዙ ነው፤ ሒሳብ የሚደምር ጸሐፊና በፀሐይ ብርሃን የሚሄድ መንገደኛ ፊታቸው የተኮሳተረ ሆኖ ቢገኝ የቁጣ ምልክት አይደለም።

የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ታሪክ

የስሜት መሣሪያ በገበያ ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ማርስተን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ጊዜ የደምን ግፊት በመለካት ውሸትን ለማወቅ ሞከረ። በ1921 ጆን ላርሰን በካሊፎርኒያ፤ በበርክሌይ ከተማ የፖሊስ ክፍል፤ የደም ግፊትንና ትንፋሽን በአንድነት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ ፖሊግራፍ ይባላል፤ ሕዝቡ ግን የውሸት መመርመሪያ ብሎ ሰየመው። ስሙና ሥራው የተለያዩ ናቸው። ፖሊግራፍ የሚጽፈው የደም ግፊትን፣ ትንፋሽንና የቆዳን ላብ ነው፤ ውሸት የሚለውን ቃል የሚጨምርበት መርማሪው ሰው ነው። ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ ሰው በፍርሃት ያልበዋል፤ ውሸትን የለመደ ሰው ደግሞ ላያልበው ይችላል።

በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የማርስተንን ምርመራ እንደ ማስረጃ ለመቀበል እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ዘዴው በሙያው ሊቃውንት ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም የሚል ነበር። ሆኖም ባለ መደብሮችና ባንኮች ሠራተኞቻቸውን በዚሁ መሣሪያ መመርመር ቀጠሉ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1988 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ሕግ፤ ከጥቂት ሥራዎች በቀር፤ የግል አሠሪዎች ሠራተኛን ወይም ሥራ ፈላጊን በፖሊግራፍ እንዳይመረምሩ ተከለከሉ። በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የጥናት ምክር ቤት ባወጣው ሰፊ ሪፖርት፤ መሣሪያው የመንግሥትን ሠራተኞች በጅምላ ለመመርመር እንደማይታመን ገለጸ። በምሳሌነት የሚነሣው የአልድሪክ ኤምስ ታሪክ ነው። ይህ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሹም ለሶቪየት ኅብረት ምሥጢር ሲሸጥ በ1986ና በ1991 ሁለት ጊዜ በፖሊግራፍ ተመርምሮ አለፈ፤ የተያዘውም በ1994 ነው።

እዚህ ላይ የሰው ዓይን ከመሣሪያ ይሻላል ብሎ መመካትም አይገባም። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ በ2006 የብዙ ዓመታት ጥናቶችን አጠቃለው ባሳተሙት ጽሑፍ፤ ሰዎች የሌላውን ሰው ውሸትና እውነት አይተውና ሰምተው ሲፈርዱ በአማካይ ከ100 ጊዜ 54 ጊዜ ብቻ ትክክል እንደሚሆኑ ተገኘ። ሳንቲም ወርውሮ የሚፈርድ ሰው 50 ያገኛል። በአሜሪካ አየር ጣቢያዎች የመንገደኞችን ሁኔታ አይተው አደገኛውን እንዲለዩ የሠለጠኑ ሹሞች ነበሩ፤ ለዚህ ሥራ ከ2007 ጀምሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። የአገሪቱ የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ዘዴው መሥራቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቆ፤ ወደፊት የሚመደብለት ገንዘብ እንዲወሰን አሳሰበ።

የዛሬው መሣሪያ አሠራር

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የሆኑት ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ፤ ኮምፒውተር የሰውን ስሜት የሚለይበትንና ከስሜቱ ጋር የሚስማማበትን ሙያ ስም ሰጥተው አስፋፉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው በሦስት መንገድ ሲካሄድ ቈይቷል። አንደኛው በካሜራ የፊትን እንቅስቃሴ መከተል ነው። ሁለተኛው የድምፅን ከፍታ፣ ፍጥነትና ንዝረት መለካት ነው። ሦስተኛው በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ የልብን ምትና የቆዳን ላብ መመዝገብ ነው።

ኮምፒውተሩ ስሜትን በራሱ አያውቅም። የሚማረው ከምሳሌ ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ፎቶግራፎች ይሰበሰባሉ፤ ተቀጣሪዎችም እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እያዩ ይህ የተቈጣ ነው፤ ይህ ደስ ያለው ነው እያሉ ምልክት ያደርጉበታል። ኮምፒውተሩም በምልክቱና በመልኩ መካከል ያለውን ዝምድና እያሰላ፤ ለአዲስ ፊት ተመሳሳይ ምልክት መስጠትን ይለማመዳል። እንግዲህ መሣሪያው የሚማረው ባለ ፎቶግራፉ የተሰማውን ሳይሆን፤ ተመልካቹ የገመተውን ነው። ከፎቶግራፎቹም አንዳንዶቹ እንደ ቲያትር ተዋናይ ቁጣን ወይም ደስታን እንዲያሳዩ የታዘዙ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው «ትክክለኛነቱ ከ100 እጅ 90 ነው» ተብሎ ሲነገር፤ ብዙ ጊዜ የሚባለው ከተመልካቾች ግምት ጋር 90 ጊዜ ተስማማ ማለት ነው።

የተመልካች ግምት ደግሞ ከአድልዎ አይጠራም። በ2018 አሜሪካዊቷ ሊቅ ሎረን ሩ የ400 ገደማ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ በሁለት የታወቁ የስሜት መለያ ኮምፒውተሮች አስመረመሩ። ውጤቱ ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ከነጮቹ ይልቅ የተቈጡ ወይም የሚንቁ ተደርገው መመዝገባቸው ነው፤ በአንደኛው ኮምፒውተር የፈገግታው መጠን እኩል ሲሆን እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

የአገር ልማድም ሌላ የስሕተት በር ነው። ኢትዮጵያዊ ሲነጋገር «አዎን» ለማለት ወይም መስማማቱን ለማሳየት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። ልማዱን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ሰውየው ደነገጠ ብሎ ያስባል። እንደዚሁም ታላቁን የሚያከብር ወጣት በፊቱ ሲቆም ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ በሌላ አገር ግን ዓይን ለዓይን አለማየት የሸፍጥ ምልክት ተደርጎ ይገመታል። በሌላ አገር ፊትና ድምፅ ብቻ የተማረ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ፤ አክብሮትን ሸፍጥ፤ ስምምነትንም ድንጋጤ ብሎ እንዳይመዘግብ ምን ዋስትና አለ? ስለዚህ ሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው።

የሒሳብ ምሳሌ

ለነጋዴ ነገሩ በቁጥር ሲቀርብለት ይበልጥ ይገለጥለታል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ትልቅ መደብር በቀን 1,000 ሰዎች ይገባሉ እንበል፤ ከነዚህም 5ቱ ሊሰርቁ የመጡ ይሁኑ። መሣሪያው ሌባውንም ሐቀኛውንም ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ በትክክል ይለያል ተብሎ ይታመን። ከ5ቱ ሌቦች 4ቱን ያመለክታል፤ ይህ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ከ995ቱ ሐቀኞች ከ100 እጅ 20ውን፤ ማለት 199ኙን፤ በስሕተት ሌባ ይላቸዋል። ባለ መደብሩ 203 ሰዎች ተጠቍመውለት ሌቦቹ 4 ብቻ ይሆናሉ፤ አንድ ሌባ ለማግኘት 50 ያህል ሐቀኛ ደንበኞችን ይጠረጥራል ማለት ነው።

መሣሪያው ተሻሽሎ ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ትክክል ቢሆን እንኳ፤ 5ቱን ሌቦች ለማግኘት 50 ያህል ሐቀኞች ይጠረጠራሉ። ከስሕተቱ ብዛት የሚመጣው ጉዳት በመሣሪያው ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። የተጠረጠረው ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ሐቀኛው በበዛበትና አጥፊው ባነሰበት ስፍራ ሁሉ ይህ ሒሳብ አይለወጥም።

ገበያውና ሕጉ የሰጡት ፍርድ

ይህንን ድካም ያስተዋሉት ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ሥራ ፈላጊዎችን በቪዲዮ በመመርመር የታወቀው ሃየርቪው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፤ የአመልካቾችን ፊት በኮምፒውተር መመርመሩን መተዉን በ2021 መጀመሪያ አስታወቀ። ማይክሮሶፍትም በ2022 ፊትን አይቶ ስሜትን ይገምታል የተባለውን አገልግሎቱን ከገበያ እንደሚያነሣ ሲያስታውቅ፤ ስሜት ለሚለው ቃል እንኳ ሊቃውንት የተስማሙበት ፍቺ አለመኖሩን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል።

በዚያው በ2022 የሃንጋሪ የመረጃ ጥበቃ ባለ ሥልጣን፤ የደንበኞቹን የስልክ ንግግር በኮምፒውተር እያስመረመረ የተቈጣውን ደንበኛ ሲለይ የነበረን አንድ ባንክ 250 ሚሊዮን ፎሪንት እንደ ቀጣው ገለጸ። ባንኩ ይህን የሚያደርገው ያልተደሰቱትን ደንበኞች መልሶ ለማነጋገር ነው፤ አሳቡ ክፉ አልነበረም። ጥፋቱ ድምፃቸው በዚህ ዓይነት እንደሚመረመር ለደንበኞቹ በሚገባ አለማስታወቁና እምቢ የሚሉበትን መንገድ አለመስጠቱ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፤ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት ከፊቱ፣ ከድምፁ ወይም ከሌላ የሰውነቱ ምልክት ለመገመት በመሣሪያ መጠቀምን ከልክሏል፤ ከዚህ ውጭ የተደረገው ለሕክምናና ለደኅንነት የሚውለው ብቻ ነው። ክልከላው ከየካቲት 2 ቀን 2025፤ በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ጀምሮ ይሠራል። የተከለከለውን የሠራ ኩባንያ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ፤ ወይም በዓለም ላይ ከሚያገኘው የዓመት ገቢ ከ100 እጅ እስከ 7ቱ፤ ከሁለቱ በሚበልጠው ሊቀጣ ይችላል። በደንበኛ ላይ መጠቀም በሙሉ ባይከለከልም ደንበኛው እንዲያውቀው ማድረግ ግዴታ ነው። በአውሮፓ ቅርንጫፍ ወይም ሠራተኛ ያለው ላኪ ይህን ሕግ ማወቅ አለበት።

በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በአገሩ አቈጣጠር ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የደንበኛና የሠራተኛ ፊትና ድምፅ ማንነቱን የሚያሳውቅ መረጃ ስለሆነ፤ ይህን የሚሰበስብ ባለ መደብር አዋጁን አንብቦና ጠበቃ አማክሮ መጀመር ይኖርበታል።

መሣሪያው በእውነት የሚጠቅምበት ሥራ

ከዚህ ሁሉ የተነሣ መሣሪያው ፋይዳ የለውም ማለት አይገባም። ፋይዳው የሚገኘው የሚለካውን ነገር በስሙ ሲጠሩት ነው። አንድ የመኪና ነጂ ዓይኑ እየተከደነ መሄዱን ካሜራ በሚገባ ያያል፤ የዓይን መከደን የሚታይ ነገር ነውና። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2024፤ በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ጀምሮ የሚመዘገቡ አዲስ መኪናዎች የነጂውን ድካም የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ታዝዟል። ይህ መሣሪያ ነጂው ማዘኑን ወይም መደሰቱን አይናገርም፤ እንዳይተኛ ያነቃዋል እንጂ።

እንደዚሁም አንድ ማስታወቂያ ለብዙ ተመልካቾች ታይቶ፤ በየትኛው ክፍል ላይ ብዙዎቹ ፈገግ እንዳሉ በድምር መቍጠር፤ ተመልካቾቹ ፈቅደው እስከ ሆነ ድረስ፤ ለሠሪው ጥቂት ዕውቀት ሊሰጠው ይችላል። ቍጥሩ ቢሳሳት በማንም ላይ ፍርድ አይሰጥበትምና። ችግሩ የሚመጣው የድምሩ ዕውቀት ወደ አንድ ሰው ፊት ተመልሶ፤ ይህ ታማኝ ነው፤ ይህ ግን አይደለም ማለት ሲጀምር ነው።

ለገዢ ነጋዴ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች

እንዲህ ያለ መሣሪያ የቀረበለት አስመጪ ወይም ባለ ሱቅ፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢጠይቀው ራሱን ከኪሳራ፤ ሌላውንም ከበደል ያድናል።

1ኛ/ መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው? ሻጩ «ደስታን» ካለ፤ የአፍን ጫፍ መነሣት ነው ወይስ የድምፅን ከፍታ ነው ተብሎ ይጠየቅ። የሚለካውን ነገር በግልጽ መናገር ያልቻለ ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም።

2ኛ/ የተሞከረው በማን ላይ ነው? በየትኛው አገር፤ በየትኛው ቋንቋ፤ በስንት ሰዎች ላይ? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ ንግግር ያልተሞከረ የድምፅ መሣሪያ ለዚህ አገር ገበያ ናሙናው ያልታየ ሸቀጥ ነው።

3ኛ/ ትክክለኛነቱ የተመዘነው ከምን ጋር ነው? ከተመልካቾች ግምት ጋር ነው ወይስ ሰውየው ራሱ ተሰማኝ ካለው ጋር? ምርመራውንስ ያደረገው ሻጩ ነው ወይስ ከእርሱ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ሰው?

4ኛ/ ቢሳሳት ኃላፊነቱን የሚሸከመው ማን ነው? በውሉ ላይ ኃላፊነቱ ሁሉ ለገዢው የተተወ ከሆነ፤ ሻጩ ራሱ ዕቃውን አያምነውም ማለት ይሆናል።

5ኛ/ የሚመረመረው ሰው ያውቃልን? እምቢ ለማለትስ ይችላልን? በመሣሪያው ቃል ሥራ የተነፈገ ሰው ምክንያቱን ጠይቆ የሚከራከርበት መንገድ አለውን?

6ኛ/ ይህንኑ ዕውቀት በሌላና በርካሽ መንገድ ማግኘት አይቻልምን? ብዙ ጊዜ ይቻላል። ተመልሶ የመጣ ዕቃ ብዛት፣ የተቋረጠ ትእዛዝ፣ በጊዜው ያልተከፈለ ዱቤ፣ በመዝገብ የተጻፈ አቤቱታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ደንበኛ ቍጥር፤ እነዚህ ሁሉ በማንኛውም መደብር መዝገብ ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ስድስቱ ጥያቄዎች የሚጠይቁት ገንዘብ የለም፤ የሚወስዱትም ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሻጩ ለሁሉም በጽሑፍ አጥጋቢ መልስ ከሰጠ ነጋዴው ዕቃውን ለሙከራ ያህል ወስዶ መመርመር ይችላል። መልስ ካላገኘ ግን ያንኑ ገንዘብ ደንበኛን ሰላምታ ሰጥቶ የሚቀበል፤ ምን እንደ ጎደለው የሚጠይቅና የሚሰማውን በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ጨዋ ሠራተኛ ለመቅጠር ቢያውለው ይሻለዋል። ቅር የተሰኘ ደንበኛ የቅሬታውን ምክንያት ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ የሚሰማው ሰው ካገኘም ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገረዋል።